ክርክር፦ የጤና ተማሪ የግሪክና የላቲን ሥር ቃላትን ለብቻ ይማር?

ጥያቄው አንድ ነው። አንደኛ ዓመት ላይ የሕክምና ቃላት ሥርና ቅጥያ ራሱን ችሎ እንደ ኮርስ ይሰጥ ወይስ ጊዜው ለሌላ ይዋል? ተከራካሪዎቹ ከሐረር አንዲት ነርስ፣ ከድሬዳዋ አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ ናቸው።

የሐረሯ፦ ይሰጥ። ሽምደዳ ፈተና እስኪያልፍ ነው። ቃሉ በ«አይተስ» ካለቀ የሆነ ቦታ ተቆጥቷል ማለት ነው፤ ሄፓታይተስ ጉበት፣ ጋስትራይተስ ጨጓራ፣ አርትራይተስ መገጣጠሚያ። አንዴ ከገባህ አዲስ ቃል አያስደነግጥህም። ኮሌክቶሚና ኮሎስቶሚን ደግሞ እያቸው። «ኤክቶሚ» ቆርጦ ማውጣት ነው፣ «ስቶማ» በግሪክ አፍ ነው። የመጀመሪያው ትልቁን አንጀት ሙሉውን ወይም ከፊሉን ያወጣል፤ ሁለተኛው ግን አንጀቱን በሆድ ቆዳ በኩል ወደ ውጭ ይከፍተዋል፣ ሰውየውም ከረጢት ለጥፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህን ያምታታች ነርስ ለቤተሰቡ ምን ልትል ነው?

የድሬው፦ አቦ እህቴ፣ ሥሩ ራሱ እኮ ያሳስታል! አኒሚያን (ደም ማነስን) በግሪኩ ብትፈቺው «ደም አልባ» ነው። ደም አልባ ሰው መቼ ለምርመራ ይመጣል? ማላሪያም ከጣሊያንኛ «መጥፎ አየር» የመጣ ነው፤ በፈረንጆቹ 1897 ሐኪሙ ሮናልድ ሮስ ተውሳኩን ከትንኝ ሆድ ውስጥ ቢያገኘውም ስሙ አልተቀየረም። ለአንድ ኩላሊት ደግሞ ሁለት ስም አለ፤ ግሪኩ ኔፍሮ (ንፍሮ እንዳትሉት)፣ ላቲኑ ሬናል። ይህን ሁሉ ከምታስሸመድጂ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አስተምሪያቸው። እናንተ ጋ ከገጠር የሚመጣው ታካሚ በግሪክ አያመውም።

የሐረሯ፦ በኦሮምኛው ማን ተጣላህ? ይማሩ፣ እሱም ይጨመር። ቻርቱ (የታካሚው መዝገብ) ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። «ሃይፖግላይሴሚያ» ሲባል ስኳር ወርዷል፣ «ሃይፐርግላይሴሚያ» ሲባል ወጥቷል። ለመጀመሪያው ስኳር ትሰጣለህ፣ ለሁለተኛው ኢንሱሊን ሊያስፈልግ ይችላል። ብታገላብጠውስ?

የድሬው፦ እሱን ለመለየት ሴሚስተር ሙሉ አያስፈልግም፣ ከሰዓት ቁጭ ብለሽ ትጨርሺዋለሽ። ደግሞ ስልክ ላይ ሞክሪው፤ ሃይፖና ሃይፐር በተቆራረጠ መስመር አንድ ናቸው። ሥሩን ያወቀም ያላወቀም እኩል ይሳሳታል። የሚያድነው «ስኳሩ ወርዷል፣ ቁጥሩ ይህን ያህል ነው» ብሎ መናገር ነው።

የሐረሯ፦ ለስልኩ ይሁንልህ። ግን ከሰዓት ይበቃል ካልክ እኮ ግማሹን ተስማማህ ማለት ነው። የቀረን የሰዓት ድርድር ነው፤ እኔ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ብያለሁ፣ ያውም ከአናቶሚው (ከሰውነት ክፍሎች ትምህርት) ጋር ተዳብሎ። ኩላሊትን ሲማሩ ኔፍሮንም ሬናልንም እዚያው ይጨርሷቸዋል።

የድሬው፦ ከአናቶሚው ጋር ከሆነማ ኮርስነቱ የታለ? እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ለብቻው ፈተና እንዳታወጡለት ብቻ።

የሐረሯ፦ ፈተናማ አወጣለሁ! ካልተፈተነ ማን ያነባል?