ቁጥር ስላደገ ብቻ አርፒጂ አይባልም

ፊፋ የሚባለው የኳስ ጌም አርፒጂ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ደሴ ውስጥ ሞልቷል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ክርክሩ የምር ነው። አርፒጂ (ሮል ፕሌዪንግ ጌም፣ ሚና መጫወቻ እንደማለት) የሚባለው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘህ፣ እሱን እያሳደግክ፣ በእሱ ቦታ ሆነህ እየወሰንክ የምትሄድበት የጌም ዓይነት ነው። ፒያሳ አካባቢ ጌም ቤት ተራ የሚጠብቁ ልጆች ታዲያ እንዲህ ይሉሃል፦ ካሪየር ሞድ ላይ የራስህን ተጫዋች ትፈጥራለህ፣ ስትጀምር ደካማ ነው፣ ተጫውተህ ተጫውተህ የችሎታ ነጥቡን 90 ታደርሰዋለህ፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?

መልሱ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ነጥብ አለ፣ ሌቭል አለ፣ የሚያድግ ሰው አለ። ግን በዚህ ከሄድን የተኩስ ጌም የሆነው ኮል ኦፍ ዱቲም አርፒጂ ሊሆን ነው። በ2007 የወጣው አራተኛው ኮል ኦፍ ዱቲ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ያዙልኝ) ኦንላይን ለሚጫወተው ሰው ሌቭልና ነጥብ አመጣ። ከዚያ ወዲህ ሌቭል የሌለው ጌም መፈለግ ነው የሚከብደው። የመኪና ውድድሩም፣ ቦክሱም፣ የስልኩ ጌምም ሁሉም ቁጥር ያሳድግልሃል።

የኔ አቋም አጭር ነው። አንድ ጌም «አንተ እንዲህ ዓይነት ሰው ስለሆንክ ይሄ አይሆንልህም» ብሎህ የማያውቅ ከሆነ አርፒጂ አይደለም። ሚና ክልከላም አለበት። ዕቃ ዕቃ የተጫወተ ሁሉ ይሄን ያውቃል። እናት የሆነችው ልጅ በመሀል ተነስታ ሌባ ልሁን ካለች «እናት አይደለሽ እንዴ!» ተብላ ትመለሳለች፣ እምቢ ካለችም ጨዋታው ይፈርሳል።

ነገሩ ሲጀመር ኮምፒውተር አልነበረበትም። በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን በሦስት ትንንሽ ጥራዞች አወጡ። ከዚያ በፊት ጠረጴዛ ላይ ጦርነት የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ተጫዋች ሙሉ ሠራዊት ያዛል። እነዚህ ሁለቱ ሠራዊቱን ትተው አንድን ሰው እንድትይዝ አደረጉ። አስማተኛ ከሆንክ የብረት ልብስ አትለብስም፣ ሰይፍም አትይዝም፤ ጩቤ ይበቃሃል። ቁጥሩ የገባው ይሄንን ለመዳኘት ነው። ዳይስ ይወረወራል፣ የቀረውን ጨዋታውን የሚመራው ሰው ይፈርዳል። በሩን በርግጄ ልግባ ብትል ይሰማሃል፣ ዘበኛውን በወሬ ላታልለው ብትልም ይሰማሃል።

የኮምፒውተሮቹ ሰዎች ሲመጡ ቁጥሩን ወሰዱ። ኮምፒውተር መቁጠር አይከብደውም። ፈራጁን ግን ከየት ያምጡት? ዊዛርድሪና አልቲማ የሚባሉ ጌሞች በ1981 ወጡ፤ ዩጂ ሆሪ የሚባል ጃፓናዊ ሁለቱንም ወዶ ከሁለቱ የተማረውን ቀላቅሎ በ1986 ድራገን ኩዌስትን ሠራ፤ በዓመቱ ፋይናል ፋንታሲ ተከተለ። አርፒጂ ማለት ሌቭል ማለት ነው የሚለው ነገር ሥሩ እዚህ ነው። ቁጥሩ በደንብ ተሻገረ፣ ፍርዱ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

ፍርዱም አብሮ የተሻገረበትን ጌም ልንገራችሁ። ፎልአውት፣ 1997። ስትጀምር ለሰውዬህ ሰባት ችሎታዎች ላይ ነጥብ ትደለድላለህ፣ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 10 ነው። አብዛኛው ሰው ጉልበትና ፍጥነት ላይ ይከምርና ለማሰቡ ትንሽ ይተውለታል። ከ4 በታች ከተወለት ግን ጉድ ይፈላል። ሰውዬህ መናገር አይችልም። ከሰው ጋር ሲገናኝ ያጉረመርማል፣ የተሰባበረ ቃል ይወጣዋል፣ ያ ሰው ደግሞ ወይ ያዝንለታል ወይ ያባርረዋል። ሥራ ሊሰጥህ ይችል የነበረ ሰው ቁም ነገሩን አይነግርህም። ያው ከተማ፣ ያው ሰዎች፣ ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩ ኪስህ ውስጥ የተቀመጠ ሽልማት መሆኑ ቀርቶ ማን እንደሆንክ ሆነ። ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ሁሉ የሚሄድ ጌም ስለሆነ ሞክሩት።

አሁን ሁሉም የሚያውቀውን እናንሳ፣ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን። 2004። የምትይዘው ሰው ሲጄ ከበላ ይወፍራል፣ በጣም ከወፈረ መሮጥ ያቅተዋል፣ ጂም ከገባ ጡንቻ ያወጣል፣ መኪና በነዳ ቁጥር መንዳቱ ይሻሻላል። ከብዙ አርፒጂ ነኝ ባይ ጌም የተሻለ ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም ሰውነቱ ያስከፍልሃል። ግን ታሪኩ ንቅንቅ አይልም። ወፍራም ሲጄም ቀጭን ሲጄም በዚያው መንገድ ሄደው እዚያው ይደርሳሉ። ሰውነቱን ሰጡህ እንጂ ሰውዬውን አልሰጡህም።

ስካይሪም ላይ ደግሞ ሰው ሊጣላኝ ነው። በ2011 የወጣ፣ የተወደደ፣ እኔም የወደድኩት ጌም ነው። ግን እዚያ ውስጥ አስማት እምብዛም የማይችል መጥረቢያ ተሸካሚ የአስማተኞቹ ኮሌጅ አለቃ ይሆናል። ያው ሰው የሌቦቹም አለቃ ይሆናል፣ የጦረኞቹም። ማንም «አንተ ማነህ?» አይለውም። ከዚያው ድርጅት በ2002 የወጣው ሞሮዊንድ እንዲህ አልነበረም። ማኅበር ውስጥ ሹመት ለማግኘት የማኅበሩን ሙያ እስከዚህ ድረስ ማወቅ አለብህ ይልሃል። ከሦስቱ ታላላቅ ቤቶች አንዱን ከተቀላቀልክ ሁለቱ ይዘጉብሃል። ተጫዋች ላለማስከፋት ሲባል በሮቹ ሁሉ ተከፈቱና ሚናው አብሮ ወጣ።

ውጊያ የግድ ነው ለሚሉኝ ዲስኮ ኢሊዚየም አለ፣ 2019። ሰውዬው የጠጣ ያበደ መርማሪ ፖሊስ ነው። 24 ችሎታዎች አሉት፣ እያንዳንዳቸው ጭንቅላቱ ውስጥ ያወሩታል፣ አንዳንዶቹ ይዋሹታል። ዝርዝሩ ቢበዛም አንዷን ልንገራችሁ። ገና ሲነቃ ክራባቱ ጣሪያው ላይ ማራገቢያው ጋ ይሽከረከራል። አካሉን በጣም ደካማ አድርገህ ከፈጠርከው ያንን ክራባት ላውርድ ሲል ልቡ ቀጥ ብሎ ሊሞት ይችላል። ጌሙ እዚያው አለቀ፣ ከክፍሉ እንኳ ሳይወጣ! እንደተለመደው ተኳሽና ተተኳሽ የሚፋለሙበት ሥርዓት የለውም። እኔ ግን ከእሱ በላይ አርፒጂ አላውቅም።

እዚህ ጋ የሚነሳው ጥያቄ ገብቶኛል። በዚህ ሚዛን የጃፓኖቹን ልጥላቸው ነው? የፋይናል ፋንታሲ 7 ዋና ገጸ ባሕርይ ክላውድ ክላውድ ነው፣ እኔ ማን እንደሚሆን አልወስንለትም። አዎ፣ ግማሽ አርፒጂ ናቸው እላለሁ፣ የፈለገ ይሳደብ። ፖኬሞን ግን ያመልጠኛል። የመጀመሪያው ፖኬሞን ላይ ከሦስት እንስሳ አንዱን ምረጥ ትባላለህ፤ እሳቱን ከመረጥክ መጀመሪያ የሚገጥምህ አለቃ የድንጋይ ሰው ስለሆነ ፍዳህን ታያለህ፣ ውሃውን ወይም ቅጠሉን የመረጠው ደግሞ እየሳቀ ያልፋል። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ምርጫህ ዋጋ አስከፈለችህ። ደግሞ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ በስልክ ለመጫወት እንደሱ የሚመች የለም። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ሹፌሩ ሲያጥፈው ስልክህን ደረትህ ላይ ለጥፈህ ወንበሩን ትይዛለህ፤ ጌሙ ተራህን ስለሚጠብቅ ቀጥ እስክትል ማንም አይመታህም።

ወደ ኳሱ ስንመለስ ፍትሃዊ ልሁን። ፊፋ 17 ላይ፣ በ2016፣ አሌክስ ሀንተር የሚባል ልጅ ታሪክ ነበር። ጋዜጠኛ ሲጠይቀው በእልህ፣ በእርጋታ ወይም መሀል ሆነህ ትመልሳለህ። በእልህ ከመለስክ ደጋፊው ይወድሃል፣ አሠልጣኙ ግን ያኮርፋል። ይሄ ወደ አርፒጂ ጠጋ ያለ ነገር ነው። ካሪየር ሞድ ላይ የሚያድገው 90 ግን ሁሉንም የተሻለ ከማድረግ ውጪ ምንም አይከለክልህም።

ልጆቹ እንዲህ ማሰባቸው አይገርመኝም። ጌም ቤት የሚከፈለው በጨዋታ ነው፣ የተሸነፈ ይነሳል፣ ከኋላህ የቆመው ደግሞ ትንፋሹ ማጅራትህ ላይ ነው። አርፒጂ ስንት ሰዓት የሚፈጅ፣ ሴቭ የሚደረግ፣ ነገ ተመልሰህ የምትቀጥለው ነገር ነው። ሴቭህን ሌላ ሰው እላዩ ላይ ሊጽፍበት ይችላል። ላፕቶፕ ያለውም ቢሆን ባልደርስ ጌት 3 150 ጊጋ ቦታ ይጠይቀዋል፤ እዚህ ኢንተርኔት ላይ ያንን የሚያወርድ ሰው ትዕግሥቱን ፈጣሪ ይባርክለት።

ከሁሉ የሚብሰው ግን እንግሊዝኛው ነው። እነዚህ ጌሞች የሚነበቡ ናቸው። ዲስኮ ኢሊዚየም ከ1 ሚሊዮን ቃል በላይ አለው። ልጁ ምልልሱ ሲመጣ ቁልፉን ቶሎ ቶሎ ተጭኖ ይዘለዋል፣ ውጊያው ላይ ይደርሳል፣ ቁጥሩ ያድጋል። ምርጫው ያለው የዘለለው ውስጥ ነው። ለእሱ አርፒጂ ቁጥር ብቻ ቢሆን አልፈርድበትም።

እንደ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ያለው የወረቀት ጨዋታ ግን እንግሊዝኛም መብራትም አይጠይቅም። ሦስት አራት ሰው፣ እስክሪብቶ፣ በአማርኛ የሚተርክና የሚፈርድ አንድ ወሬኛ በቂ ነው፣ ወሎ ውስጥ ደግሞ ጨዋታ አዋቂ አይጠፋም። ክረምት መብራት በሄደ ማታ ይሞከር። ኦሪጅናሉ 20 ጎን ያለው ዳይስ ይፈልጋል፣ ለመጀመሪያ ግን የሉዶው ይበቃል።