ቼንግዱ ድረስ ሄጄ አልጫ በላሁ

በቻይና የሲቹዋን ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው ቼንግዱ ውስጥ፣ አራት ጠረጴዛ ብቻ ባላት ጠባብ ምግብ ቤት ተቀምጬ ማፖ ቶፉ፣ ማለትም በሚያቃጥል ቀይ ወጥ የሚቀርብ የአኩሪ አተር አይብ፣ አዘዝሁ። አስተናጋጇ ፊቴን አየችና ወደ ማብሰያው ዞራ አንድ ነገር ተናገረች። ቻይንኛዬ ደካማ ቢሆንም «ቡ ላ» ማለት «የማያቃጥል» መሆኑን አውቃለሁ። እኔን ነው? በሚጥሚጣ ያደግሁትን?

የሲቹዋን ምግብ ወጉ «ማላ» ነው፤ «ማ» ማደንዘዝ፣ «ላ» ማቃጠል። የሚያደነዝዘው ኋጂያዎ የሚሉት ቅመም ነው። ቁንዶ በርበሬ እያሉ ቢጠሩትም ዝምድናው ከሎሚ ጋር ነው፤ ምላስን እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል። በእኔ ሳህን ግን ሦስት ፍሬ እንኳን ፈልጌ አጣሁ። ከባቄላና ከቃሪያ ተብላልቶ የሚሠራው የፒሺያን ድልህ ቀይ ዘይቱን ሊያንሳፍፍ ሲገባው፣ ቶፉው እንደ በሽተኛ ገርጥቶ ተኝቷል። ለዚህ ለዚህማ ቤቴ ሽሮ አላጣሁም!

አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት በላብ ተጠምቀው፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ ይበላሉ። እንዴት እንደቀናሁ! በጣቴ ወደ እርሳቸው ሳህን አመለከትሁ። አስተናጋጇ በርኅራኄ ፈገግ አለችና ሙቅ ውሃ ጨመረችልኝ።