ጸደቀ ወይ?

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ጤና አዳም ነው። ሱሰኛ ሁሉ "በአንዲት ነው የጀመርኩት" ይላል አይደል? እኔም ያው ነኝ። ለቡና የምትሆን ቅጠል በየቀኑ ከጉልት መግዛት ሰለቸንና የኒዶ ጣሳ ቂጡን በሚስማር ቀዳድጄ አንዲት ችግኝ ተከልኩ። ቤታችን ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። በረንዳዋ ሁለት ሰው ካቆመች ለሦስተኛው ቦታ የላትም።

ዛሬ ለአንድም ሰው ቦታ የላትም። ቆስጣው በቀለም ባልዲ፣ ቃሪያው በዘይት ጀሪካን፣ በሶብላው አንገቷ በተሰበረ ጀበና ነው የሚኖረው። ቲማቲሙ ደግሞ በልጃችን መታጠቢያ ሳፋ። ሳፋውን የወሰድኩት ልጁ ተጠቅሞበት ሳይጨርስ ነው። ሚስቴ ይኼን እንግዳ በመጣ ቁጥር ታነሳዋለች። "የኔ ልጅ እኮ ለቲማቲም ሲባል በጆግ እየተንቆረቆረበት ነው ያደገው" ትላለች። ቲማቲሙ ያን ዓመት አሥራ አንድ ፍሬ ሰጥቷል። ይኼን ግን አትናገርም።

በሽታ መሆኑ የገባኝ ሽማግሌ ሆኜ የተላክሁ ቀን ነው። የጓደኛዬ ታናሽ ወንድም ሊያገባ ነውና አራት ሆነን የልጅቷ አባት ቤት ሄድን። ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ "ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው" ብለን ቆመናል። እኔ የቆምኩት መስኮቱ ጋ ነበር፤ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። በመስኮቱ ግቢው ይታያል። ግቢው ውስጥ ጥቁር ለመሆን ትንሽ የቀራት ቀይ ጽጌረዳ አለች። አባትየው ጉሮሯቸውን ጠራርገው "እሺ፣ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?" አሉ። ዋናው ሽማግሌ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደምኳቸው።

"ከዚያች ከቀይዋ አንድ ቅርንጫፍ ቢሰጡን።"

ቤቱ ጸጥ አለ። ዋናው ሽማግሌ ግን የዋዛ ሰው አይደሉም። "ልጁ ነገሩን በምሳሌ አድርጎት ነው" አሉ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። አባትየው ፊታቸው በራ። "እንዲህ ያለ አማርኛ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!" ብለው አስቀመጡን። ሰሙ ጽጌረዳ፣ ወርቁ ልጃቸው መስሏቸዋል። የእኔ እኮ ሰም ብቻ ነበር። ልጅቷን እዚያው ፈቀዱ። ቅርንጫፏን ስንወጣ ራሴ ቆረጥኩ።

ጸደቀች።

ይኼ "ጸደቀ" የሚሉት ቃል ያስቀኛል። ሰውም ይጸድቃል፣ ችግኝም ይጸድቃል። ሰው እንዲጸድቅ መጾም፣ መመጽወት፣ የሰው ነገር አለመንካት አለበት። ችግኝ እንዲጸድቅ ግን የሰው ነገር መንካት የግድ ነው። ለቅሶ ቤት ጋቢ ለብሼ ስሄድ ለሐዘኑ ክብር ይመስላቸዋል። ጋቢ ውስጥ ስንት ቅርንጫፍ እንደሚያዝ የሚያውቅ ያውቃል። እኔ ብኮነንም በረንዳዬ ላይ አሥራ ሰባት ጻድቃን አሉኝ።

ደግሞስ አዳም ራሱ ሥራው ምን ነበር? ገነትን ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው የተቀመጠው፤ ኦሪት ዘፍጥረት ላይ ተጽፏል። ከሥራ የተባረረውም በፍሬ ነገር ነው። የምንኖርባትን ከተማም በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ስም ሲያወጡላት "አዲስ አበባ" ነው ያሏት። ይኼን ክርክር ለሚስቴ አቅርቤላት ነበር። "አበባ የተባለው ከተማው ነው፣ ሳሎኔ አይደለም" አለችኝ። ይግባኝ የለውም።

አፈሩስ ከየት ይምጣ? አራተኛ ፎቅ ላይ የሚገኘው አፈር ጫማ ይዞት የመጣው ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ቀን ሠራተኛ ደረጃ ለደረጃ እሸከማለሁ። ሕንፃችን ሊፍት ስለሌለው የሰፈሩ ልጆች እኔኑ "ሊፍት" ብለው ይጠሩኛል። አፈር ብቻውን ደግሞ አይበቃም፣ ፍግ ይፈልጋል። አንድ ቅዳሜ ሱሉልታ ላም ከሚያረባ ወዳጄ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ፍግ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። "በደንብ ደርቋል" ብሎኝ ነበር። አልደረቀም።

ረዳቱ በእግሩ ነካ አደረገው። "ፋዘር፣ ይኼ ምንድነው?"

"ማዳበሪያ።"

"እሱማ ይታየኛል። ውስጡን ነው የጠየቅኩህ።"

"ውስጡም ማዳበሪያ ነው።"

ትንሽ አሰበና "የሁለት ሰው ትከፍላለህ" ብሎ ተገላገለኝ።

ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታሞቀው ሽታው ተነሳ። ተሳፋሪው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። የኋላ ወንበር ላይ ጫማውን አውልቆ ያንቀላፋ ወጣት ነበር፤ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ አረፈ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው "የዛሬ ልጆች እግር መታጠብ ትተዋል" አሉ። ምስኪኑ ልጅ ነቅቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ጫማውን አደረገ። እኔስ ምን አልኩ? ምንም። በመስኮት የእንጦጦን ባሕር ዛፍ እያየሁ ነበር። "ይኼም በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ ሲመጣ የሆነ ሰው ተሸክሞታል" እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ያን ቀን ግን አንድ ተአምር አይቻለሁ፤ የታክሲ መስኮት በሙሉ ድምፅ ሲከፈት። "ብርድ ይመታኛል፣ ዝጋው" ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

ቡና ሲፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባላል። እኔ የምጠብቀው አራተኛውን ነው፤ አተላውን። ጎረቤት ለቡና ሲጠራኝ ላስቲክ በኪሴ ይዤ ነው የምሄደው። እስከ በረካ ስለምቀመጥ "ሰው ወዳድ" የሚል ስም አትርፌያለሁ። በረዶ ሲጥል ደግሞ ሰው ወደ ቤት ይሮጣል፣ እኔ ብርድ ልብስ ይዤ ወደ በረንዳ። አንዴ ብርድ ልብስ ያነሳሁት ከተኛ ሰው ላይ ነበር። ስለዚያ ሌሊት ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

ከሁሉ የባሰው ግን ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። አገር በሙሉ ለችግኝ ተከላ ሲወጣ የእኛም መሥሪያ ቤት ወጣ። በ12 ሰዓት ውስጥ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ ማታ በዜና ተነገረ። የእኛ መሥሪያ ቤት ችግኞች ግን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የተተከሉት። አንዴ በሠራተኛው፣ አንዴ በእኔ። ሰዉ ፎቶውን ተነስቶ ቆሎና ለስላሳ ወዳለበት ድንኳን ሲሄድ ዞር ብዬ ባይ፣ ግማሹ ችግኝ ከነፕላስቲኩ ተቀብሯል። ከነፕላስቲኩ! ሥሩ በየት በኩል ይሂድ? እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ቆሎ አይወርድልኝም። ተንበርክኬ አንድ በአንድ እየነቀልኩ፣ ፕላስቲኩን እየቀደድኩ፣ መልሼ መትከል ጀመርኩ።

ሰባተኛው ላይ ስደርስ ጥላ አጠላብኝ። ቀና ስል አለቃዬ ናቸው። እጄ ላይ የተንጠለጠለው ደግሞ የሳቸው ችግኝ ነው፤ ስማቸው የተጻፈበት ካርቶን ሳይቀር አብሮ ተንጠልጥሏል።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"ልብሱን እያወለቅኩለት ነው" አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። በምሳሌ የሚያድነኝ ሽማግሌ በቦታው አልነበረም።

የዚያ ዓመት የደረጃ ዕድገቴ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ችግኛቸው ግን ጸድቋል። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ እየሄድኩ አይቼዋለሁ። ሚስቴ "የት ነበርክ?" ስትለኝ "አለቃዬን ልጠይቅ" እላታለሁ።

አሁን ወደ ሦስተኛ ፎቋ እማማ እንምጣ። እሳቸውና እኔ በውሃ ምክንያት ተኳርፈን ነበር። እኔ አጠጣለሁ፣ ጣሳው ያንጠባጥባል፣ ጠብታው የተሰጣ ነጭ ነጠላቸው ላይ ቡና መሳይ ካርታ ይስላል። ሦስት ጊዜ ለሕንፃው ኮሚቴ ከሰሱኝ። በሁለተኛው ክስ ላይ "ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እኔ ተጠቅሜ ለጎረቤት አካፈልኩ፣ ምን አጠፋሁ?" ብዬ ተከራከርኩ። ኮሚቴው ከየጣሳው ሥር ሰሃን እንዳደርግ ወሰነ። አደረግሁ። የሚስቴን ሰሃኖች። ከዚያ ኩርፊያው ወደ ሁለት ቤት አደገ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ በር ተንኳኳ። እማማ ናቸው፤ ግንባራቸውን በነጠላ ጥፍር አድርገው አስረው ደረጃውን እያቃሰቱ ወጥተዋል።

"ምች መታኝ። ዳማከሴ አለው አሉኝ።"

አለኝ። አሥራ አራት ቅጠል ያላት፣ ከክሽክሽ በስንት መከራ ያተረፍኳት፣ አንዲት ዳማከሴ። ልቤ ቀጥ አለ።

"ሦስት ቅጠል ይበቃዎታል እማማ?"

"አንተ ልጅ፣ ሰው እየሞተ ነው!"

ወደ በረንዳው አልፈው እጃቸውን ዘረጉ። "ከጫፏ አይቀንጥሷት፣ ከጎን፣ ከጎን..." እያልኩ ሳልጨርስ ቅርንጫፏ ከነጫፏ በእጃቸው ገባች። እዚያው ቆመው በመዳፋቸው አሽተው አሸተቷት። ሽታዋ ቤቱን ሞላው። የቀረውን ይዘው ወረዱ። እኔ ራቁቷን የቀረችውን ግንድ እያየሁ ቆየሁ። ሚስቴ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ነካ አደረገችና "እግዜር ያጥናህ" አለችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት እማማ ድነው፣ ትኩስ ዳቦ ይዘው መጡ። በሌላ እጃቸው ብርጭቆ ይዘዋል። ብርጭቆው ውስጥ ያቺ ቅርንጫፍ አለች፣ ከሥሯ ነጫጭ ክር አውጥታ።

"ልጥላት ስል አሳዘነችኝ። ውሃ ውስጥ ባስቀምጣት ጊዜ... እየው፣ እየው!" አሉኝ። ዓይናቸውን አየሁት። ያን ዓይን አውቀዋለሁ። በየቀኑ መስታወት ውስጥ የማየው ነው።

የኒዶ ጣሳ ሰጠኋቸው።

ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ ጩኸት ሰምቼ ወረድኩ። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ልጅ ነጭ ሸሚዝ ዘርግቶ የእማማ በር ላይ ቆሟል። ሸሚዙ ላይ ያ የማውቀው ቡናማ ካርታ አለ። እማማ ገና ሲያዩኝ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። "እሱ ነው! ከላይ ነው የሚመጣው!"

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት በእማማ ትከሻ አሻግሬ በረንዳቸውን አየሁ። ሳፋ ውስጥ እኔ የሌለኝ ወይን ጠጅ አበባ ቆሟል። ሸሚዙንም ልጁንም ረሳሁ።

"እማማ፣ ይቺን ከየት አገኟት?"

ልጁን ገልመጥ አድርገው፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ለቅሶ ሄጄ።"