ቀይር፣ ቀይር፣ ቀይር! መለካትስ?

ሆዴ ቆስሏል። እዚህ ካልተነፈስኩት አይወጣልኝም።

የምንኖረው ዴንቨር ነው። ከባለቤቴ ጋር ገንዘብ አጠራቅመን ያገለገለ ሞተርሆም፣ መኝታና ማሞቂያ ያለው የጉዞ መኪና ማለት ነው፣ ገዛን። ልጆቹን ይዘን ቅዳሜና እሁድ ተራራ ልንወጣ ነበር ሐሳባችን። ሮኪ ማውንቴን ፓርክ ውስጥ ያሉት ካምፖች የኤሌክትሪክ መሰኪያ የላቸውም፤ ስለዚህ ሌሊቱን የምታድረው በባትሪህ ነው።

የመስቀል ሰሞን ወጣን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ማሞቂያው ቀጥ አለ። ውጭው ውርጭ ነው። ትንሿ ልጄ ጃኬቷን ለብሳ፣ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች። የጋዙ ሲሊንደር እኮ ሙሉ ነው! ግን ማሞቂያው በጋዝ ይንደድ እንጂ ማራገቢያው የሚዞረው በ12 ቮልት ነው። የአየሩን ግፊት የምትጠብቅ አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች። ማራገቢያው ከደከመ እሷ አትነካም፤ እሷ ካልተነካች ደግሞ ጋዙ አይከፈትም። ሙሉ ጋዝ ታቅፈን በብርድ አደርን።

ጋራዥ ወሰድኩት። ሠራተኛው መብራቱን አብርቶ አጠፋና "ባትሪው ሞቷል" አለኝ። ሁለት ባትሪ፣ 600 ዶላር። በሳምንቱ ወጣን፤ ያው ነው። ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። እነሱ ደግሞ "ኮንቨርተሩ ነው" አሉ። 120 ቮልቱን ወደ 12 የሚቀይረው ሳጥን ማለት ነው። ከነእጅ ዋጋው 750 ዶላር ከፈልኩ። ስረከበው ሁሉም ነገር ቦግ ብሎ ይበራል። ተራራ ስንደርስ እንደገና ጨለማ።

እነሱ ጋ ሁልጊዜ የሚሠራበት ምክንያት አሁን ነው የገባኝ። ገና ግቢ ሲገባ ገመዱን ሶኬት ላይ ይሰኩታል። ከተሰካ በኋላ መብራቱን የሚመግበው ኮንቨርተሩ ነው፤ ከባትሪው የሚመጣው መስመር ቢበላሽም አያስታውቅም። ገመዱን ነቅሎ፣ ማሞቂያውን ከፍቶ የለካ አንድ ሰው የለም! ቴስተር፣ ቮልት መለኪያው፣ እኮ 20 ዶላር ነው። እያንዳንዳቸው ኪስ ውስጥ አለ።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ያሉት አጎቴ ጋ ደወልኩ። ዕድሜ ልካቸውን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠርተዋል። ሞተርሆም በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ነግሬያቸው ሳልጨርስ "ማሳውን አየኸው?" አሉኝ። ማሳ የሚሉት የባትሪውን ኔጌቲቭ ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘውን መስመር ነው።

"አላየሁትም ጋሼ።"

"በል ገመዱን ንቀል። ማሞቂያውን ክፈትና ለካ።"

ባትሪው ላይ 12.5 አለ። ማሞቂያው ጋ ስለካ 10.2! ከሁለት ቮልት በላይ መንገድ ላይ ቀልጦ ቀርቷል። "አሁን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሻንሲው ላይ፣ የመኪናው የብረት አካል ላይ፣ አድርግ" አሉ። ዜሮ አካባቢ መሆን የነበረበት 2.1 አሳየኝ። "በቃ፣ አገኘኸው የኔ ልጅ!" ድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ደስታ አልረሳውም።

መሬት ላይ ተኝቼ ከስር ገባሁ። የማሳው ገመድ የታሰረበት ብሎን በዝገት ተበልቷል፤ የገመዱ ጫፍ አረንጓዴ አቧራ ለብሷል። ክረምት አስፋልቱ ላይ የሚረጩት ጨው ብረት ይበላል፤ ይህን እዚህ አገር ያለ መካኒክ ሁሉ ያውቃል። ፈታሁት። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። መልሼ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ማሞቂያውን ስከፍት የማራገቢያው ድምፅ ራሱ ሌላ ሆነ።

1,350 ዶላር ለአንድ ብሎን! ትርፍ ሰዓት የሠራሁበት ገንዘብ ነው። ተሳሳቱ ብዬ አይደለም የምናደደው፤ ሰው ይሳሳታል። ሳይለኩ እንደለካ ሰው አፋቸውን ሞልተው መናገራቸው ነው የሚያንገበግበኝ። እኔ ብሩን ስቆጥር ዓይኔን እያዩ "አሁን አለቀ፣ ሂድ ተዝናና" ብለውኛል። ልጄ አሁንም መኪናው ውስጥ ለመተኛት ስትገባ "አባዬ፣ ዛሬም ይበርዳል?" ትላለች።

ትናንት የመጀመሪያው ጋራዥ ሄጄ የለካሁበትን ቁጥር በስልኬ አሳየኋቸው። የሥራ ዋጋ አይመለስም አሉኝ። እሺ፣ አሮጌዎቹን ባትሪዎቼን ስጡኝ፣ ጤነኛ ነበሩ አልኩ። የሉም፣ ሄደዋል አሉኝ።