ታጥቦ የሚበላ እንግዳ

ለሰፈራችን ጎረምሳ ምስጋና ይድረሰው። ውሻ ማሳደግ የባላገር ነው ብሏል፤ ድመትም አይጥ ከመያዝ ሌላ ሙያ የላትም። ስለዚህ ከሰሜን አሜሪካ ራኩን ሊያስመጣ ነው። ስልኩ ላይ ሲያየው ከርሞ በመጨረሻ “ያለ እሱ መኖር አልችልም” አለን። ሃያ ምናምን ዓመት ግን ያለ እሱ ኖሯል፤ እኛው ምስክር ነን።

ራኩን ለማታውቁ፦ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት፣ ዓይኑ ዙሪያውን ጥቁር፣ ኩል የተኳለ ሙሽራ ነው። ጥርኝ እንኳ ዝባድ ይሰጥ ነበር፤ ይኼኛው የሚሰጠው ላይክ ነው። ከተማችን ጎንደርም ለእንስሳ ባዳ አይደለችም፤ በፋሲል ግቢ አንበሳ ይኖር ነበር፣ ቤቱ ዛሬም ለጎብኚ ይታያል። ከአንበሳ ወደ ራኩን መሸጋገር እንግዲህ ዕድገት ነው። አንበሳ ያገሳል እንጂ ድስት መክፈት የት ያውቃል!

ከሁሉ የሚደነቀው ንጽሕናው ነው። ምግቡን ውሃ ውስጥ እየነከረ ስለሚበላ በላቲን ስሙ ላይ “ሎቶር”፣ አጣቢው፣ የሚል ቅጽል አለው። አዋቂዎቹ ግን አያጥብም ይላሉ፤ መዳፉ ሲርስ የመዳሰስ ስሜቱ ስለሚበረታ ምግቡን በጣቱ “ለማየት” ነው። ወንዝ ዳር ለሚያድግ ፍጡር መልካም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቧንቧው ሲያፏጭ እናቶች ከአልጋ ዘለው ጀሪካን በሚደረድሩበት ሰፈር ግን የዳቦ ፍርፋሪ ሳይቀር ነክሮ የሚበላ እንግዳ መጣ! ውሃ የሚልክልን አንገረብ ግድብ ይስማ። የሌሊት እንስሳ ስለሆነ ቢያንስ አብሯቸው የሚነቃ አገኙ።

ቁልፍም አይበግረውም። በአውሮፓውያኑ 1907 በወጣ ጥናት አንድ ተመራማሪ 13 ዓይነት መቆለፊያ ቢያቀርብላቸው ራኩኖቹ 11ዱን በጥቂት ሙከራ ከፍተዋል። የጎረምሳው እናት ጓዳ የሚዘጋው በሽቦ ነው።

ባዶ እጁንም ላይመጣ ይችላል። ብዙ ራኩኖች አንጀት ውስጥ ወስፋት መሰል ትል አለ፤ እንቁላሉ ከኩሱ ወደ ሰው አፍ ከገባ የሚፈለፈለው እጭ አንጎል ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። ኮሶ ሲጠጣ ለኖረ ሕዝብ ትል ብርቅ አይደለም፤ ሆድ ንቆ ጭንቅላት የሚመርጥ ግን የተማረ ትል ነው። ለጎረምሳችን አልሰጋም፤ ትሉ ሲደርስ ባዶ ቤት ያገኝ ይሆናል።

ፈር ቀዳጅ አይደለንም እንጂ! ጃፓኖች በ1977 በቴሌቪዥን የካርቱን ፊልም አይተው ግልገል ራኩን በገፍ ማስመጣት ጀመሩ። ግልገሉ ጎረመሰና መንከስ አመጣ። ጫካ ለቀቁት። እሱም ተዋልዶ የጥንት የእንጨት ቤተ መቅደሶቻቸውን ጣሪያ ማደሪያው አደረገ፤ በኋላ በሕግ ከለከሉት። ለካ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክት ይኼን ሁሉ ዘመን ዓይናቸውን አፍጥጠው የሚጠብቁት ይኼን ቀን ኖሯል።

የጎረምሳው እናት ወሬውን ሲሰሙ ጥያቄያቸው አጭር ነበር። “ይታለባል?”

“አይታለብም፣ እማ።”

“ይበላል?”

ልጁ ተቆጣ። እኔ ግን ጥያቄው የነውር አልመሰለኝም፤ በ1926 ለአሜሪካው ፕሬዝዳንት ካልቪን ኩሊጅ የተላከችው ራኩን የመጣችው ለምስጋና ቀን ማዕድ ነበር። ቤተሰቡ ግን አልበላትም ብሎ ስሟን ርብቃ አላት፤ ዋይት ሐውስ ውስጥ በማሰሪያ እየተሳበች ተንሸራሸረች። ይኼን ስነግራቸው እትዬ “ሳይርባቸው ቀርቶ ነው” አሉ።

ጎረምሳው የመጨረሻውን ማስረጃ አወጣ፤ ስልኩን ፊታቸው ዘርግቶ “እዪው እማ፣ እጁ እኮ ልክ የሰው ነው! ይይዛል፣ ይከፍታል፣ ይሸከማል!”

እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው መዳፉን ደህና አድርገው አዩት።

“እጅ ካለውማ እሰየው፣ አካሌ። ይምጣ። ሌሊት ጀሪካን ይዞ ይሰለፍልኛል።”