የእናቶች ታሪክ የጤና ፖሊሲን ሊመራ ይገባል ወይ?

ደጋፊ (አዋላጅ ነርስ)
እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2011 የተካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ከ100,000 ሕያው ወሊድ 673 እና 676 እናቶች እንደሚሞቱ ነግረውናል፤ ሞቱ ያልቀነሰበትን ምክንያት ግን ከእናቶቹ አንደበት ነው የሰማነው። ጤና ጣቢያ መውለድን ለምን እንደሚሸሹ ሲጠየቁ በጀርባ ተኝቶ ማማጡን፣ እናትና አማት ደጅ መቅረታቸውን፣ ከወሊድ በኋላ ገንፎና ቡና አለመኖሩን ያነሱ ነበር። በርካታ ጤና ጣቢያዎች ይህን ቅሬታ ከቁም ነገር ቆጥረው ገንፎ የሚገነፋበት ክፍልና የመውለጃ ቀናቸው የደረሰ እናቶች የሚያርፉበት ማቆያ አዘጋጁ። በ2011 ከመቶ 10 የነበረው የተቋም ወሊድ በ2019 ከመቶ 48 ደርሷል። ለውጡን ገንፎው ብቻውን አመጣው አልልም፤ የገንፎው ሐሳብ ግን ከሠንጠረዥ አልተገኘም።

ተቃዋሚ (የጤና መረጃ ባለሙያ)
እህቴ ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ታሪኩን ለመናገር የሚበቃው ማን ነው? ፌስቱላ የደረሰባት ሴት በሕይወት ስላለች ትናገራለች፤ የሰማት ሁሉ አዝኖ እጁን ይዘረጋላታል፣ ይህም ተገቢ ነው። ደም ፈሷት የሞተችው ግን አትናገርም። ከእርሷም ይልቅ የሚረሳ አለ፤ ክርስትና ሳይነሳ፣ ስም ሳይወጣለት በቀናት ዕድሜ የሚሞተው ጨቅላ። ጎረቤት እናቲቱን «ዋናው አንቺ መትረፍሽ ነው» ብሎ ያጽናናታል፤ ድንኳን አይጣልም፣ ሐዘኑም በዚያው ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ1,000 ሕያው ወሊድ 29 የነበረው የጨቅላ ሕፃናት ሞት በ2019ም 33 ሆኖ አለመቀነሱን ያወቅነው በቁጥር ነው። በጀት የሚመደበው ይበልጥ ላስለቀሰን ከሆነ ለጨቅላ ክፍል ኦክስጅን የሚተርፍ ገንዘብ አይኖርም።

ደጋፊ
ሟች አትናገርም የሚለውን አልቀበልም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 በጀመረችው የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ ሥርዓት፣ እናት ቤቷ ስትሞት ባለሙያ ሄዶ ምጡ መቼ እንደጀመራት፣ ጤና ጣቢያ ትሂድ ያለው ማን እንደሆነ፣ ቃሬዛ የሚሸከም ሰው እስኪሰባሰብ ምን ያህል እንደቆየ፣ አምቡላንሱ የት እንደቀረ ቤተሰቡን ይጠይቃል። ይህ ታሪክ ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ነው? የጨቅላውስ ነገር እናቱን ቁጭ ብለው ካልጠየቁ ከወዴት ይገኛል?

ተቃዋሚ
በዚያ ሥርዓት የሟች ስም ይሸሸጋል፤ ዓላማውም መማር እንጂ መክሰስ ስላልሆነ ሰው እውነቱን ለመናገር ይደፍራል። እኔ የምቃወመው አንዲት እናት ፎቶ ተነሥታ፣ ስሟ ተጠርቶ፣ ቁስሏን በየስብሰባው ደጋግማ እንድትናገር መደረጉን ነው። ያሳከማትን ሰው እንዴት እምቢ ትላለች?

ደጋፊ
ስሟ ይሸሸግ፣ ፎቶውም ይቅር፤ በዚህ ከወንድሜ ጋር አልለያይም። ነገር ግን የምርመራው ውጤት ድምር ሆኖ ብቻ ለወረዳ ካቢኔ ሲቀርብ፣ አምቡላንሱ ነዳጅ አጥቶ የቆመበት ሌሊት በድምሩ ውስጥ ይጠፋል። ነዳጁን የሚያጸድቁት ሰዎች ያን ሌሊት ከነሰዓቱ ሊሰሙት ይገባል እላለሁ።