የሁለት ሳምንት የኔታ

ፊጂ የምትባለው የፓሲፊክ ደሴት አገር ሄደው በነጻ የሚያስተምሩ ወጣቶችን የሚያማ ሰው አልወድም። ምቀኝነት ነው። «በነጻ» ያልኩትንም ላርመው፤ ከፍለው ነው የሚያስተምሩት። ለመሥራት የሚከፍል ሠራተኛ! ቀጣሪ ሁሉ ስለት የሚገባበት ነገር ነው።

የጓደኛዬ ልጅ አምና ሄዳ መጣች። ሃይስኩል በጨረሰች በወሩ፣ ከሜሪላንድ ተነስታ፣ ለ14 ቀን። አንድ የፊጂ ተወላጅ ክፍል ገብቶ ለማስተማር መጀመሪያ በመምህርነት መሠልጠን፣ ከዚያም በመምህራን መዝጋቢ ቦርድ መመዝገብ አለበት። ዋና ከተማዋ ሱቫ ያለው የደቡብ ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ሲያስተምር ኖሯል። ምን አደከመው? የኛ ልጅ ፓስፖርትና የፀሐይ ክሬም ይዛ ሄዳ፣ በደረሰች በማግስቱ ሁለተኛ ክፍል ፊት ቆመች።

የምታስተምረው የእንግሊዝኛ ንባብ ነው። ልጆቹ ቤታቸው ፊጂኛ ወይም ሂንዲ ይናገራሉ፤ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይጨምሩበታል። የኛዋ አማርኛ «ትሰማለች»።

ችግሩ የጀመረው የአውሮፕላን ማረፊያው ስም ላይ ነው። ጽሑፉን ላየ ሰው «ናዲ» ይላል። ሲነበብ ግን «ናንዲ» ነው። በፊጂኛ «ዲ» ከፊቱ «ን» ደብቆ ነው የሚሄደው። «ሲጋቶካ» ተብሎ የተጻፈው ከተማም «ሲንጋቶካ» ይባላል። መምህርቷ «ናዲ» ስትል ክፍሉ በሳቅ አለቀ። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ተነሳ፣ ጠመኔ አነሳ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየጻፈ አስቆጠራት። እሷም ተከትላ ደገመች።

«ጋሼ፣ ልጆቹ በጣም ተጫዋች ናቸው» አለችኝ።

ፎቶዎቹን አየሁ። እሷ ባለችበት ሁሉ ልጆች አሉ፤ ዋናዋ አስተማሪ ግን በአንዱም የለችም። ጥግ ላይ ክንዷ ብቻ የገባችበት አንድ አለ። በጣም የተወደደው ፎቶ ላይ ልጃችን ኮፍያ አድርጋ፣ የአንድ ሕፃን ጭንቅላት እየዳበሰች ትስቃለች። ፊጂ ውስጥ የሰው ጭንቅላት መንካት ነውር ነው። መንደር ውስጥ ኮፍያ ማድረግም እንደዚያው። ሁለቱን ነውር በአንድ ፎቶ መጨረስ ተሰጥኦ ይጠይቃል።

ወግ አላጎደለችም ግን። መንደር የሚገባ እንግዳ የያንጎና ሥር ይዞ ለሽማግሌዎቹ ያቀርባል። ሥሩ ተወቅጦ በውኃ ይበጠበጣል። አንዴ ታጨበጭባለህ፣ ቅሉን በአንድ ትንፋሽ ትጨልጣለህ፣ ሦስቴ ታጨበጭባለህ። ምላስ ያደነዝዛል። ልጅቷም ደንዝዟት ለጥቂት ደቂቃ ዝም አለች። ከጉዞው ሁሉ ለክፍሉ የጠቀመው ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ሳምንት የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ቀለም መቀባት ነበር። ሰማያዊ። ከእሷ በፊት የመጡት ቢጫ ቀብተውት ነበር አሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ዊንስተን የተባለው አውሎ ነፋስ የብዙ ትምህርት ቤቶችን ጣሪያ ሲነቅል ልጆች ድንኳን ውስጥ ተምረዋል። ጣሪያ ግን አናጢ ይፈልጋል፤ ላዩ ላይ ቆሞም ፎቶ አይመችም። ግድግዳ ይሻላል። በፈረንጆች ገና የሚሄዱም አሉ። ያኔ የፊጂ ትምህርት ቤቶች ዝግ ናቸው፤ ዝግ ትምህርት ቤት ደግሞ ለቀለም እንዴት ይመቻል!

ድሮ ፒስ ኮር የሚባሉ ሰነፍ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። እኛ አገር እ.ኤ.አ. በ1962 መጡ፣ ፊጂ በ1968። አንድ ቦታ ሁለት ዓመት ይቀመጡ ነበር። ሁለት ዓመት! የአገሩን ቋንቋ እስኪለምዱ፣ ወጡን እስኪያላምጡ፣ የተማሪ ስም እስኪይዙ። የኛ ልጅ በ14 ቀን ውስጥ አስተምራ፣ ቀብታ፣ ቅዳሜና እሑድ ጠልቃ ዓሣ አይታ፣ አልቅሳ ተሰናብታ ተመለሰች።

ልጆቹ በመሰናበቻው ዘመሩላት። አንገቷ ላይ አበባ አጠለቁላት። ዜማው እንዴት እንደሚያምር፣ ድምፃቸው እንዴት እንደሚገጥም ነግራኝ አልጠገበችም። ይገጥማላ! በየአሥራ አምስት ቀኑ ይለማመዱታል።

እናቷ ባለፈው እሑድ ቡና ላይ «እነዚያ ልጆች ያለሷ እንዴት ይሆኑ ይሆን?» ብላ ተከዘች። እኔም አሳሰበኝ። ሰኞ ጀልባዋ ሌላ የኔታ ታወርዳለች። ያ የሰባት ዓመት ልጅ ጠመኔውን አንስቶ እንደገና ከ«ናንዲ» ሊጀምር ነው።